ለልጄ፦ ሳሙናውን ተዪው

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ዘንድሮም አልማረንም፤ አባትሽ ጋቢውን ጥሎ መውጣት አቅቶታል።

በስልክ ያጫወትሽኝ ከልቤ አልወጣ ብሎ ነው የምጽፍልሽ። የብልትሽ ሽታ አስጨንቆሽ በየቀኑ ውስጥሽን በሳሙና እንደምትታጠቢ፣ ልጅ የዘገየውም በዚህ ይሆናል ብለሽ እንደምትሰጊ ነገርሽኝ። መጀመሪያ ሳሙናውን ተዪው። የሎሚ ውሃውንም፣ ሽቶ ያለበትን መታጠቢያም። ከውጭ በኩል ንጹህ ውሃ ይበቃሻል፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል።

ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ አጎንብሼ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ነገር ስሚኝ። ብልት ውስጥ ባክቴሪያ አለ፣ መኖርም አለበት። ዋናው ላክቶባሲለስ ነው። አልበርት ዶደርላይን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1892 እንደ ፈረንጆቹ ጽፎበታል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በብልት ግድግዳ ላይ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት እንዲኖር ያደርጋል። ላክቶባሲለስ ከዚያ እየተመገበ ላክቲክ አሲድ ያወጣል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ራሱ ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 በታች ስለሚወርድ (ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ሌላው ጀርም መራባት ይቸግረዋል። ሳሙናው የሚያመናምነው ይህንን ጠባቂ ነው። እሱ ሲያንስ ጋርድኔሬላ የሚባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ ቦታውን ይይዛሉ፣ ሽታው ይመጣል፣ አንቺ ደግሞ ሽታውን ልታጠፊ ትታጠቢያለሽ። ይብሳል እንጂ አይሻልም። ይህን መዛባት ሐኪሞች ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይሉታል። (እርጎ ልጠጣ እንዳትዪኝ። ጠጪ፣ ግን የእርጎው ዝርያ ሌላ ነው። ልቀባው ካልሽኝ ግን እቆጣለሁ።)

ምርመራው ቀላል ነው። ፈሳሹን በጥጥ ወስደው ስላይድ ላይ ያደርጉታል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል አንድ ጠብታ ሲያርፍበት የዓሣ ሽታ ካወጣ ባለሙያው ወዲያው ይጠረጥራል። ማይክሮስኮፕ ላይ ጤነኛው ሕዋስ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ችግር ሲኖር ግን ባክቴሪያ ተለጥፎበት ጠርዙ አይለይም። ሳትመረመሪ ፋርማሲ ገብተሽ መድኃኒት እንዳትገዢ። የፈንገሱና የዚህኛው መድኃኒት ለየቅል ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ለሰባት ቀን። ችግሩ ደግሞ ተመላላሽ ነው። በ2025 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ባልም አብሮ ሲታከም የመመለሱ ዕድል በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ይዘሽው ሂጂ።

ከልጅ ጋር ምን ያገናኘዋል? የላክቶባሲለስ መጉደል የማህጸን ቱቧቸው የተጎዳባቸው ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ነገር ግን ይህ ችግር እያለባቸው የሚወልዱ ብዙ ናቸው። የሚያስፈራው ጠባቂው ሲሳሳ በግብረ ሥጋ የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ በቀላሉ መግባታቸው ነው። ክላሚዲያ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ዝም ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ የማህጸን ቱቦ ላይ ጠባሳ ይጥላል፣ እንቁላልና ዘር መገናኛ ያጣሉ። እሱንም አብረው እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ማህጸን ውስጥ ስላለው ባክቴሪያ ግን ሳይንቲስቶቹ ገና እየተከራከሩ ነው። ያንን እንመርምርልሽ ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቅሽ ካለ ገንዘብሽን ያዢ። ብልት ውስጥም ቢሆን ላክቶባሲለስ ሳይበዛላቸው ጤነኛ የሆኑ አፍሪካውያን ሴቶች ብዙ ናቸው።

ሌላው ነገር፣ እኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው። አማትሽም ነካ ሳታደርግሽ አልቀረችም። ግማሽ ያህሉ ጊዜ ግን ምክንያቱ ወንዱም ጋ አለ። ያንቺን ቱቦ በራጅ ከማየታቸው በፊት የእሱ የዘር ፈሳሽ ይመርመር፤ የእሱ ቀላል ነው፣ ሕመምም የለውም። ያለ መከላከያ ዓመት ሙሉ ተሞክሮ ካልመጣ፣ ከ35 በላይ ላለች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሐኪም ጋ መሄጃው ጊዜ ነው። እናንተ ዓመቱን አልፋችኋል።

አክስትሽ ሸንኮራ ዮሐንስ ውሰጃት እያለች ትነዘንዘኛለች። እንሄዳለን፣ እኔም አብሬሽ እጠመቃለሁ። ኪኒን ከታዘዘልሽ ግን ጸበሉም ቦታ ይዘሽው ሂጂ፤ ተሻለኝ ብለሽ መሃል ላይ እንዳታቋርጪ።

ቀጠሮ ስትይዢ ደውይልኝ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጡን በምንም አትንኪ፣ ናሙናው ይበላሻል። ብቻዬን እፈራለሁ ካልሽ በማለዳው መኪና እመጣለሁ።

እናትሽ