የምስጋና መልእክት፦ በአዋሽ ሰባት አብረውን ውጭ ላደሩና ለሸኙን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድመን በዚያች ሌሊት ለጠበቀን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። የዓመት ዕረፍታችንን ይዘን ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ድረስ በብስክሌት ለመግባት የተነሣን ጓደኛሞች፣ ጉዟችን ባሰብነው ቦታ ሳይሆን በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት አዋሽ ሰባት ላይ እንደ ተቋጨ ወዳጅ ዘመድ በስልክ ሲጠይቀን ስለ ሰነበተ ያልሰማ የለም። ስለዚህ የታኅሣሥ 26ን ሌሊት እንደ አዲስ መተረክ አያስፈልገንም። ይህን የምንጽፈው ማን ምን እንዳደረገልን፣ በስሙ ባይሆን እንኳ በሥራው እንዲታወቅ ብለን ነው። እስከ ዛሬ የዘገየነው ደግሞ የጓደኛችን እግር ከጀሶ እስኪወጣ፣ እሱም ከእኛ ጋር ተቀምጦ የራሱን ቃል እስኪጨምርበት ስንጠብቅ ነው።

የመጀመሪያው ምስጋናችን በአዋሽ ሰባት ለተቀበሉን እናት ነው። ስማቸው እንዳይነሣ አጥብቀው ስለ ነገሩን፣ ሁላችንም ስንጠራቸው እንደ ነበረው «እማማ» ብለን እናልፋለን። እማማ ጥቂት ክፍሎች ያሉት አልጋ ቤት አላቸው። ዐርብ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሰን ከግቢያቸው ስንደርስ፣ የአልጋ ዋጋ ከመንገራቸው በፊት ወስደው ያሳዩን የግድግዳቸውን ስንጥቅ ነበር። መሬቱ ከመስከረም ወር ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ ሲከርም፣ ስንጥቁ በየጊዜው የደረሰበትን ጫፍ በከሰል እያሰመሩበት ኖሯል፤ የመጨረሻዋ መስመር ከመስኮቱ ማዕዘን ደርሳለች። «ክፍሉስ አለ፤ እኔ ራሴ የማልተኛበትን ቤት ግን ለሰው ልጅ አላከራይም» አሉን። ከዚያም ፍራሾቹን አስወጥተው፣ ከግድግዳውም ከአጥሩም አርቀው ግቢው መካከል ደረደሩልን። ዛሬ ይህን ለመጻፍ የበቃነው በዚህ አንድ ውሳኔ ምክንያት ነው፤ ሌሊቱን ከዚያ ክፍል ግድግዳ የወረደውን ብሎኬት ሲነጋ ስናየው አንዳችንም ቃል አልወጣንም።

እማማ በዚያች ሌሊት አልተኙም። በርጩማቸውን ከፍራሾቻችን ራስጌ አስቀምጠው፣ ከአጠገባቸው ባለ ትሪ ላይ ማንኪያ የገባበት ባዶ የሻይ ብርጭቆ አኑረው ነበር። ማንኪያዋ ከብርጭቆው ጋር መንቀጭቀጭ ስትጀምር፣ እኛ ገና ምንም ሳይሰማን፣ እሳቸው «መጣ» ይላሉ፤ ወዲያው መሬቱ ይንቀሳቀሳል። ከእኛ ወገን በሙያው መሐንዲስ የሆነው ወዳጃችን ስለዚያች ማንኪያ ከተናገረው መካከል አብዛኛው ሙገሳ ስለሆነ እዚህ አናበዛውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የመጣው፣ በሬክተር ስኬል 5.8 ተለካ የተባለው ትልቁ መንቀጥቀጥ ግን «መጣ» ለማለትም ጊዜ አልሰጣቸውም።

ጓደኛችን ብስክሌቶቹ ወደ ተደገፉበት አጥር ሄዶ ሳለ የተናደው ብሎኬት ቁርጭምጭሚቱን ሲመታው፣ በጨለማ ቀድመው የደረሱት እማማ ነበሩ። ነጠላቸውን ቀደው፣ ከአልጋ የተነቀለ ጣውላ ደግፈው እግሩን አሰሩለት። ጎረቤት ልከውም ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው መጥተው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሆስፒታል ይሂድ» ማለታቸው ራሱ ትልቅ ውለታ ነውና ለእሳቸውም ምስጋናችን ይድረስ። ሲነጋ ደግሞ እማማ ማን እንደሚጾም፣ ማን እንደማይጾም አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ለሚጾመው ሽሮ፣ ለማይጾመው እንቁላል ሠርተው አቀረቡ። መሬቱ ገና አልረጋም፤ ምድጃው አሁንም አሁንም ይነቃነቃል፤ እሳቸው ግን «ሳትበሉ መንገድ አትወጡም» አሉ።

እዚህ ላይ ቃል የሚያጥረን ነገር አለ። እማማ የጓደኛችንን እግር በሚያስሩበት ሰዓት፣ በሳቡሬ በኩል የምትኖር ልጃቸውን በስልክ ማግኘት አልቻሉም ነበር። አንድም ጊዜ አልነገሩንም። ያወቅነው አዳማ ደርሰን ለምስጋና ስንደውልላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኔም ልጅ ተገኘች» ባሉን ጊዜ ነው። እማማ ሆይ፣ ያንን ሁሉ ሰዓት በሆድዎ ይዘው እኛን ሲያጽናኑ አድረዋል። ሒሳባችንን ልንከፍል ስንለምንዎም «ክፍል ውስጥ ያልተኛ ሰው ምን ብሎ ይከፍላል?» ብለው በሳቅ መለሱን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ልጅዎንና የልጅ ልጆችዎን ይጠብቅልዎ።

ሁለተኛው ባለውለታችን ከጅቡቲ መስመር ጭነቱን ይዞ ወደ አዳማ ሲያልፍ ያገኘነው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እሱም ሌሊቱን በመንገድ ዳር ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ሲንቀጠቀጥ አድሮ፣ ቶሎ ከአካባቢው መውጣት ሲችል ቆመልን። ጓደኛችንን ከወንበሩ በስተኋላ ባለው የራሱ መኝታ ላይ አስተኛው፤ የተረፉትንና የተጨራመቱትን ብስክሌቶች ደግሞ ረዳቱ ከሸራው በላይ ገመድ ለገመድ አጠላልፎ አሰራቸው። ከፈንታሌ ተራራ ሥር አልፎ፣ መተሐራን ይዞ፣ የበሰቃ ሐይቅን ተሻግሮ አዳማ እስኪገባ ድረስ በየጉድባው ፍጥነቱን ይቀንስ እንደ ነበር፣ ጎባጣ ሲመጣም «ወንድሜ፣ ጥርስህን ንከስ» እያለ ያስጠነቅቀው እንደ ነበር ጓደኛችን ዛሬም ይናገራል። ለነዳጅ የሚሆን እንኳ አልቀበል አለን። በመንገድ ላይ ስለ ከባድ መኪና ሾፌሮች ብዙ ክፉ ስናወራ የኖርን ብስክሌተኞች ነንና ይህ ውለታ በእኛ ዘንድ በእጥፍ ይቆጠራል።

በአዳማ ጓደኛችንን ላከሙት ሐኪሞችና ነርሶች፣ በአዋሽ ሰባት አጥሩን አንሥተው ብስክሌቶቻችንን ላወጡ ወጣቶች፣ ከጅግጅጋ ጀምሮ በሐረር፣ በሂርና፣ በጭሮና በሚኤሶ ውኃ ላቀበሉን፣ ካመራዳሪ ለለጠፉልን፣ ሜዳቸውን ለድንኳናችን ለፈቀዱልን ሁሉ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ ገብርኤል ስንቃቸውን ላካፈሉን ምዕመናንም ከልብ እናመሰግናለን።

ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ባለሙያዎችም ምስጋና አለን፤ እነሱ ግን ይህን ውለታ እንደ ዋሉልን አያውቁም። በዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲወጣ፣ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ መንገዱ ተቆረጠ» የሚል ወሬ ቤተሰቦቻችንን ሲያስጨንቅ በነበረበት ወቅት፣ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ስንጥቁን እየከፈተ በመንቀሳቀስ ላይ መሆኑን፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ የሚመጣ መሆኑን፣ የሚታወቀውን ከሚገመተው ለይተው በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲያስረዱ ሰነበቱ። እናቶቻችን በሬዲዮ የሰሙትን ማብራሪያ በስልክ ለእኛው መልሰው ሲያስረዱን እንደ ነበር ቢያውቁ ደስ ይላቸው ይሆናል።

ለገና ዋዜማ እንገባለን ብለን ቀጠሮ ይዘን ስለ ነበር፣ ሊቀበሉን የተዘጋጁት የአዲስ አበባ ብስክሌተኞች እኛን በአዳማ ሆስፒታል በር ላይ መጥተው ተቀበሉን፤ ብስክሌቶቹንም ጭነው አስገቡልን። ለእነሱና ለሥራ ባልደረቦቻችን ወሮታውን ይክፈልልን። ቤተሰቦቻችን ሆይ፣ ገናን ከእኛ ጋር በሆስፒታል ኮሪደር ስላሳለፋችሁ እናንተን ለማመስገን ይህ ወረቀት አይበቃም።

ይሁንና ምስጋናችንን ስንጽፍ እጃችንን የሚይዘን አንድ ነገር አለ። እኛ ጉዟችን ቢቋረጥም የምንገባበት ቤት ነበረን። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች፣ በከሰም ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ፣ በኦሮሚያ በኩል ባለው የፈንታሌ ወረዳም ከ80,000 በላይ ነዋሪዎች ለአደጋው ተጋላጭ መሆናቸው ተነግሮ ብዙዎቹ ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። እኛ ከተመለስን በኋላም መሬቱ አላረፈም፤ የካቲት 7 ቀን 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ሲከሰት እኛ አልጋችን ላይ ሆነን ነበር የሰማነው፤ እማማ ግን ያው ግቢው መካከል ነበሩ። በዚያች ሌሊት ያስተናገዱን ሰዎች ከእኛ የበለጠ የሚያጡት ነገር እያላቸው ነው ያስተናገዱን። ስለዚህ የተሰበሩ ብስክሌቶቻችንን ለመተካት ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመራችሁ ወዳጆቻችን፣ ሐሳባችሁን በታላቅ አክብሮት ብንቀበልም፣ የተሰበሰበው ሁሉ ለተፈናቀሉት ወገኖች ድንኳንና ምግብ እንዲውል በአንድ ድምፅ ተስማምተናል። ብስክሌቶቹን ራሳችን ቀስ እያልን እናስጠግናለን።

ስማችሁን ያልጠቀስናችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። በጨለማ ባትሪ ያበራልን፣ ጋቢ ያለበሰን፣ እጃችንን ይዞ «አይዞህ» ያለን ሰው ፊቱን እንኳ ሳናየው ቀርተናል። በድካም፣ በድንጋጤና በመርሳት የታለፋችሁ ሁሉ ይቅርታ እንድታደርጉልን በትሕትና እንለምናለን፤ ይህን የሚያነብ የአዋሽ ሰባት ሰው ካለም ለጎረቤቱ ያንብብልን። ጋቢው ታጥቦ እኛ ዘንድ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ በእማማ በኩል ቢነግረን በሚቀጥለው የመንገደኛ መኪና እንልካለን።

በታላቅ አክብሮት፣
የጉዞው አባላት በሙሉ
የካቲት 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ