ከቁጣው በፊት ጥያቄው ይቅደም

ክቡር አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ከ10 እስከ 24 ዓመት ባሉ ጥቁር ወጣቶች መካከል ራስን የማጥፋት መጠን ከ2018 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ከ36 በመቶ በላይ ጨምሯል። እዚያ የሚያድጉ የእኛም ልጆች ከዚህ ውጭ አይደሉም።

ድብርት ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም። በንዴት፣ በጠብ፣ በራስ ምታትና በሆድ ቁርጠትም ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ልጁን «ረባሽ» ብሎ ያግደዋል፤ ቤተሰብም «ጠግቦ ነው» ይላል። ሕክምናው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ በጣም የሚያሳዝነንም ይኸው ነው።

እንቅልፉ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ ወይም የሚወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረ ለብቻው አድርጋችሁ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። «አዎ» ካለ አትቆጡት፣ ብቻውን አትተዉት፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡለት። የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ ካልተቻለ መሣሪያውና ጥይቱ ተለያይተው ይቆለፉ። መድኃኒትም እንዲሁ ይቆለፍ። የከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አላፊ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

በአሜሪካ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለያዘው ሰው የሚረዳው የስልክ መስመር 988 ቀንና ሌሊት በነፃ ይሠራል፤ ለሚደውልም አስተርጓሚ ይገኛል። ጸሎትና ጸበል ከሕክምናው ጎን ይሂዱ እንጂ አይተኩት። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ አስጊ ናቸው፤ በ7 ቀን ውስጥ ሐኪም የሚያይበት ቀጠሮ ሳይያዝለት ወደ ቤት አትውሰዱት።