ግልጽ ደብዳቤ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት፦ ስትሰፉ ከአጥሩ ማዶ ያሉትንም አስቡ

ጤና ይስጥልን።

የአባይ ማዶ ነዋሪ ነኝ፤ የተማርኩትም እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ነው። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ሲያድግ ከልባቸው ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ስለ አስተዳደጉ የምጠይቀውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ፖሊ የምንለው የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብ፣ ዘንዘልማ እያልን አቅጣጫ የምንጠቁመው በእናንተ ግቢዎች ነው። ሁለቱ ኮሌጆች፣ ፖሊና የመምህራን ኮሌጁ ፔዳ፣ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ የጨርቃጨርቁ ተቋም፣ የማሪታይም አካዳሚው፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ ሁሉም በየፊናቸው ስም አውጥተዋል። አገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብላ ከለየቻቸው 8 ተቋማት አንዱም እናንተ ናችሁ። እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ ከታየ ጊዜ ጀምሮ መምህራኖቻችሁ በጀልባ እየወጡ ያጠኑትንም እዚህ ዳር ያለ ሰው ያውቀዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነው። ድሮ ሕመሙ ከበድ ያለ ሰው ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ይላካል። ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል፣ አስታማሚው የት እንደሚያድር አያውቅም፣ አንዳንዱም ገንዘቡን ሲያስብ ጭራሽ ሳይሄድ ይቀራል። አሁን ከአዴትም፣ ከዳንግላም፣ ከደብረ ታቦርም የመጣ ታማሚ ስፔሻሊስት የሚያገኘው እዚሁ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ምን ሠራ ሲባል እኔ የማሳየው እሱን ሕንጻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ስለ አዳዲስ ሕንጻዎችና ስለ ግቢ ማስፋፊያ በተወራ ቁጥር የከተማው ሰው ደስ ይለዋል። ሥራ ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ይደራል። ነገር ግን ዘንዘልማም ሆነ ሰባታሚት በኩል ካለው አጥር አለፍ ብሎ የሚገኘው የገበሬ ማሳ ነው። በቆሎ ነው፣ ዳጉሳ ነው፣ ባሕር ዛፍና ጫት ነው። እዚህ አካባቢ አንድ ሄክታር ማለት ለብዙ ቤተሰብ ያለው በሙሉ ማለት ነው።

ከገዛ ቤተሰቤ የማውቀውን ልንገራችሁ። የእናቴ ወንድም መሬት ከዓመታት በፊት ለልማት ተብሎ ተወስዷል። የወሰደው አካል እናንተ አይደላችሁም፤ ስሙንም አልጠራም። ሰዎች መጡና ችካል ተከሉ፣ በሜትር ለኩ፣ ባሕር ዛፉን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ካሳው ባንክ ገባ። ባጃጅ ተገዛበትና ልጁ ነዳው፤ ሞተሩ ወርዶ ተጠገነ፣ እንደገና ወረደ፣ በመጨረሻ በርካሽ ተሸጠ። የተረፈውን ሠርግና ሕመም ጨረሱት። ዛሬ አጎቴ የሌሊት ዘበኛ ነው፣ ያውም ድሮ ያርሰው ከነበረው ማሳ ብዙም ሳይርቅ። ሚስቱስ? በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ፎቶዋ ከእሱ ፎቶ ጎን ተለጥፏል። ገንዘቡ ሲወጣ ግን አንድም ሰው እሷን አልጠየቃትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንዲመከር ደነገገ። ገበሬው ለዘለቄታው ከተነሣና ተተኪ መሬት ካልተገኘለት ካሳው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ የከፍተኛው 15 እጥፍ እንዲሆንም ደነገገ። መልሶ ማቋቋምም በሕጉ ውስጥ አለ። ታዲያ ገንዘቡ እንደምንም ይከፈላል፤ መልሶ ማቋቋሙ ነው ወረቀት ላይ የሚቀረው። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ይሰጠዋል፣ በብሩ ምን ቢሠራ እንደሚያዋጣው የሚያማክረው ግን የለም።

ወደ እናንተ የመጣሁትም ስለዚህ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለ። ቅየሳ፣ ምዝገባ፣ ግምት፣ የካሳ ሕግ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ ተመራቂዎቹም በየወረዳው መሬት ቢሮ ተቀምጠው ሲሠሩ እናያቸዋለን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዳይሆን እንጂ፣ መሬት እንዴት በአግባቡ እንደሚወሰድ ለአገር ማሳየት የሚችል ዩኒቨርሲቲ ካለ እናንተ ናችሁ። ክፍል ውስጥ የምታስተምሩትን በራሳችሁ አጥር ላይ አሳዩን።

እንዴት ብትሉኝ፣ በቅድሚያ ካርታው ይውጣ። ዩኒቨርሲቲው በሚቀጥሉት ዓመታት ወዴት መስፋት እንደሚያስብ ገበሬው ችካል ከመተከሉ በፊት ይወቀው። ወሬ ብቻ ሲሰማ ዘር ለመዝራት እንኳ ያመነታል፣ ሌላው ደግሞ ካሳ አገኛለሁ ብሎ በማያዋጣ ቦታ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ደላላውም ይገባበታል። ካርታው ሲሠራ ደግሞ በአጥር ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ አስቀድሞ ይቆጠር። አንድ ፎቅ የነበረውን አራት ፎቅ ማድረግ እየተቻለ ወደ ማሳው መሄድ ለምን ያስፈልጋል? የሐይቁ ዳርና ረግረጉ ግን ጨርሶ ባይነካ ደስ ይለኛል፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፣ ደንገሉ ከጠፋ ዓሣው የሚራባበት ቦታም አብሮ ይጠፋል።

መሬት መውሰዱ የግድ ከሆነ ደግሞ ካሳው በባልና በሚስት የጋራ ሂሳብ ይግባ። በደብተሩ ላይ ሁለት ፎቶ ካለ በባንክ ደብተሩም ላይ ሁለት ስም ይኑር። ኢንስቲትዩቱ የተነሡትን ቤተሰቦች መዝግቦ ለዓመታት ይከታተላቸው፣ ውጤቱንም ጥሩም ይሁን መጥፎ በየዓመቱ ያውጣው። ለተማሪዎቻችሁም ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጥናት አይገኝም።

ሥራንም በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ተነሺ ሲባል ሁልጊዜ የሚታሰብለት ዘበኝነትና ጽዳት ነው። ክቡር ሥራ ነው፣ ግን ለምን በዚያ ብቻ ይቀራል? የተማሪ ካፌዎቻችሁ በየቀኑ ስንት ኩንታል ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች ይፈጃሉ! መሬታቸው በከፊል የተወሰደባቸው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ የዘንዘልማ ግብርና ኮሌጅ መምህራን እያማከሯቸው፣ አትክልቱን ለእናንተ ማቅረብ ይችላሉ። ጨረታው ለትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ እንዳይመች አድርጋችሁ ብትከፋፍሉት ብዙው ነገር ይቃለላል። ልጆቻቸውንም አስቡ። እንደ ጥበበ ግዮን ባለ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ረዳት፣ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ለመሆን የሚያበቃ አጭር ሥልጠና ቢመቻችላቸው በካሳ ገንዘብ ከሚገዛ ባጃጅ የበለጠ ይዘልቃል።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ስትመልሱ ግን በኢንተርኔት ብቻ አታድርጉት፤ በሰባታሚት፣ በዘንዘልማና በይባብ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ፣ ካርታውም አብሮ ይሁን። ስብሰባ ከጠራችሁም የገበያ ቀን አይሁን፤ ሴቶቹም መገኘት አለባቸው።

ከአክብሮት ጋር
የአባይ ማዶ ነዋሪ፣ ባሕር ዳር