የወንዝ ሸርጣኑ ምን ይላል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ቻይና የኢንተርኔት ቁጥጥር በጋዜጦቻችን የሚወጡ ጽሑፎች የታገዱትን ድረ ገጾች ከዘረዘሩ በኋላ ሕዝቡን አፉ እንደ ተለጎመ ቆጥረው ያልፉታል። እኔ ግን የቻይናውያንን አስተያየት መስማት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሰሙን ከወርቁ መለየት ይኖርበታል እላለሁ።

በፕሬዚዳንት ሁ ጂንታኦ ዘመን መንግሥት «የተስማማ ኅብረተሰብ» እገነባለሁ ይል ስለ ነበር፣ ጽሑፋቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች «አስማሙኝ» እያሉ መሣለቅ ጀመሩ፤ ይህም ቃል መታገድ ሲጀምር በቻይንኛ በድምፅ የሚቀራረበውን «የወንዝ ሸርጣን» ተኩበት። የእኛ ባለቅኔ አንዱን ቃል በማጥበቅና በማላላት ሁለት ፍች ያወጣለታል፤ እነርሱ ደግሞ ተቀራራቢውን ድምፅ በሌላ ፊደል ይጽፉታል፤ ቃል እያደነ የሚሰርዘው ማሽንም በዚሁ ይደናገራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የሆነው ነው። የዉሃኗ ሐኪም ዶክተር አይ ፈን ስለ አዲሱ በሽታ ለባልደረቦቻቸው በማሳወቃቸው እንዴት እንደተገሠጹ የተናገሩበትን ቃለ ምልልስ «ሬንዉ» የተባለው መጽሔት ቢያወጣው በሰዓታት ውስጥ ተነሣ። አንባቢዎች ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጠው፣ በሞርስ ኮድ፣ በኢሞጂ፣ በጥንት ዘመን አጥንት ላይ ይቀረጽ በነበረው ፊደል ሳይቀር እየጻፉ መልሰው ለጠፉት። እነዚያን ቅጂዎች ዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ የሚነበበው ጽሑፉ አልጠፋም ማለታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የኮሮና የእንቅስቃሴ እገዳ በጸናባት በምዕራብ ቻይናዋ ከተማ በኡሩምቺ በተነሣው እሳት 10 ሰዎች ከሞቱ በኋላ በየከተማው ለተቃውሞ የወጡት ወጣቶች ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ሲይዙም፣ ምን እንዳልተጻፈበት የተመለከተው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ቅኔው ዋጋ እንደሚያስከፍል አልክድም። ፍቹ ከጥቂቶች አልፎ በተለመደ ቁጥር ይታገዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህም ስም አጥፊ የተባለ የሐሰት ወሬ 500 ጊዜ ከተጋራ ጸሐፊው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

በግልጽ ቃል የሚጻፍበትን አንድ ቦታም ልጠቁም። ስለ ቫይረሱ አስጠንቅቀው በፖሊስ የተገሠጹት የዓይን ሐኪም ዶክተር ሊ ዌንሊያንግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2020 ካረፉ በኋላ፣ ዌይቦ በተባለው የቻይና ማኅበራዊ መገናኛ ላይ በተዉት የመጨረሻ መልእክት ሥር ሰዎች ለዓመታት ጽፈዋል። ብዙው ፖለቲካ አይደለም፤ «ደህና አደሩ ዶክተር» የሚል ሰላምታና የዕለት ውሎ ወሬ ነው። ዘጋቢዎቻችሁ ስለ ቻይና ሕዝብ አስተያየት ሲጽፉ ይህንንም ከአስተያየት ቢቆጥሩት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ