ለቲቢ የመጣው ማይክሮስኮፕ ሌላም ሥራ ይችላል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ የሚመረመርበት) ላቦራቶሪ ስሠራ 17 ዓመት ሆነኝ። አምና ክረምት አንድ አባት ከባቲ በኩል መጡ፤ እግራቸው አብጦ ቀዳዳ ቀዳዳ አውጥቷል። ከእግራቸው የተወሰደው ናሙና እኔ ጋ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ? መድኃኒታቸው ፈጽሞ ይለያያል።

የፈንገስ ሴል ግድግዳ በስኳር ሰንሰለት የተሠራ ነው። ፔሪዮዲክ አሲድ ስኳሩን ሰብሮ አልዲሃይድ የሚባል ውህድ ያወጣል፣ ሺፍ የሚባለው ማቅለሚያ ደግሞ እሱ ላይ ተጣብቆ ደማቅ ሐምራዊ ያደርገዋል። እኔ ግን ጠርሙሱን ሳወጣው ቀለም አልባ መሆን የነበረበት ሺፍ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ፤ መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ፍሪጁ አልያዘውም። ልፈትነው ብዬ አልዲሃይድ ባለበት ፎርማሊን ላይ ጠብ አደረግሁት። ወዲያው መቅላት ሲገባው ቆይቶ ቆይቶ ደብዛዛ ወይን ጠጅ አወጣ። ተበላሽቷል። ናሙናው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ሄደ። «ልጄ፣ መልሱ አልደረሰም?» እያሉ አባታችን በየገበያው ቀን በራችን ላይ ይቆሙ ነበር። «ፈንገስ ነው» የሚለው ውጤት ሲመጣ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ግን ለቲቢ የመጣ የኤልኢዲ ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ (ልዩ ቀለም የነካውን ነገር በብርሃን አብርቶ የሚያሳይ) አለ። ምርመራው የቲቢን ጂን ወደሚፈልገው ማሽን፣ ወደ ጂን ኤክስፐርት፣ ከዞረ ወዲህ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው፤ የቲቢ ማቅለሚያውን አውራሚንን የሚያበራው ያው ብርሃን አክሪፍላቪን የሚባለውን ሌላ ማቅለሚያም ያበራል። አክሪፍላቪን ከሜታባይሰልፋይትና ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲዘጋጅ የሺፍን ሥራ ይሠራል። ተማሪ ሳለሁ ሠርቼበታለሁ፤ በተለመደው ቀለም ዓይን የሚያልፈው ቀጭን የፈንገስ ክር በጥቁር ሜዳ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ቦግ ይላል። ግላይኮጅን (ሰውነት የሚያጠራቅመው ስኳር) እና ሙሲንም (የንፍጥ ንጥረ ነገር) እንዲሁ።

ለባልደረቦቼ ግን አደራ እላለሁ። ቀለሙ የሴሉ እምብርት በሆነው ኒውክለስ ላይም ስለሚይዝ በአሲድ አልኮል በደንብ ይታጠብ። ቀይ የደም ሴልም ሆነ ኢላስቲክ ክር በራሱ ስለሚያበራ ፔሪዮዲክ አሲድ ያልነካው ስላይድ ለማነጻጸር ሁልጊዜ አብሮ ይሠራ። ግላይኮጅን መሆኑን ለማረጋገጥ እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም ዳያስቴዝ ከሌለ ምራቅም ያገለግላል። ካልኮፍሉር የሚባለውን ሌላ የሚያበራ የፈንገስ ማቅለሚያ ልግዛ የሚል ካለ ደግሞ መጀመሪያ መብራቱን ይጠይቅ፤ እሱ የሚፈልገው አልትራቫዮሌት ነው።

የጤና ኃላፊዎቻችንን የምለምነው፣ እነዚህ ማይክሮስኮፖች ወደ መጋዘን ከመግባታቸው በፊት ለፓቶሎጂ ክፍሎች ይሰጡ፤ አክሪፍላቪንም በግዢ ዝርዝራችን ይግባ። ከአባታችን ናሙና የቀረውን የፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ) በመሳቢያዬ አኑሬዋለሁ። ቀለሙ የደረሰ ቀን መጀመሪያ የምቆርጠው እሱን ነው።

አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ