ሞደሙን እንዳትጥለው

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 1993 ዓ.ም

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ ከገባህ ወዲህ ድምፅህ ጠፍቶብኝ በሰው በሰው ሳስጠይቅ ነው የከረምኩት። ደብዳቤህን ከፖስታ ሣጥን ሳወጣ የእጅ ጽሑፍህን ለይቼ እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ሞደሙን፣ ያንን ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ካርድ፣ ካስገባህ ወዲህ ማውሱ ድርቅ ይላል፣ ኮምፒውተር ጠጋኙም ዋናውን ሰሌዳ "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል" ብሎኛል ብለሃል። እባክህ እንዳትጥለው! እዚህ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ የጽሕፈት ሥራ ቤት ውስጥ ይኸው ችግር ገጥሞኝ ነበር። ሞደሙ ደውሎ ያ ጩኸቱ ሲነሣ የማውሱ ቀስት ስክሪኑ መሃል ተገትሮ ይቀራል። የተቃጠለ ነገር ግን አልነበረም።

እያንዳንዱ ዕቃ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት አይአርኪው የሚባል መስመር አለው። ማውስና ሞደም የሚጠቀሙባቸው ሲሪያል ፖርት የሚባሉት በሮች ደግሞ ኮም 1፣ ኮም 2 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ኮም 1 እና ኮም 3 በተለምዶ የሚጠሩት በአይአርኪው 4 ነው፤ ኮም 2 እና ኮም 4 በአይአርኪው 3። የማውስህ ገመድ ጫፍ ባለ 9 ቀዳዳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኮም 1 ላይ ነው። ሞደሙ ኮም 3 ላይ ከተቀመጠ ሁለት በር በአንድ መጥሪያ ሆነ፤ ሲጮህ የትኛው እንደተንኳኳ አይለይም። በረጅሙ ጥቁር የአይኤስኤ ማስገቢያ የሚገቡ ካርዶች ደግሞ ፒሲአይ በሚባለው አጭር ነጭ ማስገቢያ እንደሚገቡት መስመር አይጋሩም።

ስለዚህ ሞደሙን ኮም 2 አድርገው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ተጭነህ ባዮስ ወደሚባለው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ግባ፣ ሁለተኛውን ሲሪያል ፖርት ዲስኤብልድ (የተዘጋ) አድርገህ ሴቭ በል። ይህን ከዘለልክ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮም 2 ከሞደሙ ጋር ይጋጫል። ከዚያ አጥፍተህ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፤ የስልኩንም ጭምር፣ ሲጠራ ኤሌክትሪኩ ይነዝራልና። በካቻቢቴ ክፈተው፣ የሣጥኑን ብረት ነካ አድርግና ካርዱን አውጣ።

ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት እሾህ የሚያለብሱ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ጥቁር ቆቦች ታያለህ። ጃምፐር ማለት እነሱ ናቸው። አቀማመጣቸው ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። በወረንጦ ቀስ ብለህ ነቅለህ ኮም 2፣ አይአርኪው 3 ላይ አልብሳቸው። ጃምፐር ከሌለው ፕላግ ኤንድ ፕሌይ፣ ማለትም ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመድብለት ነው፤ ኮም 2 ሲለቀቅለት ብዙ ጊዜ ራሱ ይይዘዋል። አይአርኪው 5 ባዶ ነው የሚልህ ካለ አትቸኩል፣ ሳውንድ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው።

በመጨረሻ ዊንዶውስ 98 ውስጥ የድሮውን ሞደም ሰርዘህ ዊንዶውሱ እንደገና እንዲፈልገው አድርግ። የዕቃዎቹ ዝርዝር የሚታይበት ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ ከቀረ፣ የትኛው ዕቃ ላይ እንደሆነና ቁጥሮቹን እንዳሉ ጽፈህ ላክልኝ፤ በዚያው ቀን እመልስልሃለሁ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ