ስለ «ፋስት» የጠየቅሽኝ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ እናትሽ ሽሮና ተልባ እያፈራረቀች ታበላናለች።

በስልክ የነገርሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። «ፋስት አስሊፕ» የሚለውን «ቶሎ የተኛ» ብለሽ ተርጉመሽ ኤክስ ተደረገብሽ። አይዞሽ ልጄ፤ እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ተማሪ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። «ፋስት» በጥንቱ እንግሊዝኛ ፈጣን አልነበረም። ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ስለዚህ «ፋስት አስሊፕ» የተባለ ሰው እንቅልፍ የጣለው፣ ድብን ብሎ የተኛ ነው። ባሕር ዳር ታንኳ ከጣና ዳር በገመድ ሲታሰር አይተሽ የለ? እሱንም «ሜክ ፋስት» ይሉታል።

ታዲያ ጽኑው እንዴት ፈጣን ሆነ? በእኛው «አጥብቆ» አስቢው። አጥብቆ ያዘ፣ አጥብቆ ጠየቀ እንላለን፤ የያዘውም የጠየቀውም በኃይሉ ነው። እነሱም የሚሮጠውን «አጥብቆ ሮጠ» ሲሉ ኖሩ። በኃይሉ የሚሮጥ ደግሞ ይፈጥናልና ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ፍጥነቱ ዞረ።

ጾምን «ፋስት» ያሉትም ከዚሁ ነው፤ ራስን መግታት፣ ሥርዓቱን አጥብቆ መጠበቅ። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ልቤ ደስ ይለዋል፤ እኛም ጾም «ያዝን»፣ ጾም «ፈታን» እንላለንና። ያልታሰረ ምኑ ይፈታል? «ብሬክፋስት» የሚሉት ቁርስም የሌሊቱን ጾም መፍቻ ነው።

በመልእክትሽ ላይ ግን «ፋስትሊ» ብለሽ ጽፈሻል። ዛሬ እንዲያ አይባልም። «ሺ ራንስ ፋስት» በይ፤ መጨረሻው ላይ «ሊ» የሚጨመርበት «ኩዊክ» ነው፣ «ኩዊክሊ»።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ለጥምቀት የለበስሽውን ነጠላ እናትሽ ባለፈው ቅዳሜ ዘፈዘፈችው። የጥለቱ ቀይ ለቀቀና ነጩን ጫፍ እስከ አንድ ስንዝር ሮዝ አደረገው። እንደዚያ የማይለቀውን ቀለም ነው እንግሊዞች «ፋስት» የሚሉት። ሁለት ጊዜ በሳሙና አሸችው፣ ፀሐይ ላይም አሰጣችው፤ አሁን ብዙም አይታይም። በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ከሌላ ልብስ ጋር እንዳትቀላቅይው፤ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ